ቺካጎን ከወንዟ ላይ አየኋት፤ ሕንፃዎቹ ለምን እንዲህ ሆኑ?

የጉለሌዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለጉብኝት ቺካጎ ነኝ። ረጅም ሕንፃ ብርቄ አይደለም፤ እዚህ ልቤን የያዘው ቁመታቸው ሳይሆን አብረው አቋቋማቸው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጡብ አጠገብ ጥቁር ብረት፣ ከወንዙ ማዶ ነዋሪው «የበቆሎ እሸት» የሚላቸው ሁለት ክብ የኮንክሪት ማማዎች፣ ከነሱ ወዲያ ደግሞ በረንዳው ወጣ ገባ የሚል አዲስ የመስታወት ሕንፃ። ሁሉም የየራሱ መልክ አለው፤ ግን አንዱ ሌላውን አይገፋም። በጀልባው ላይ አስጎብኚዋ የአርክቴክቶቹን ስም በፍጥነት ስትዘረዝር ብዙ ነገር አመለጠኝ። ሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ዊሊስ ታወር ወደ ላይ ሲሄድ በየደረጃው የሚቀንሰው ለመልክ ነው ወይስ ምክንያት አለው? ወንዙ ለሁለት በሚከፈልበት አካባቢ በቀጭን እግር ቆሞ ወደ ላይ የሚሰፋው ሕንፃስ እንዴት አይወድቅም? በሐይቁ በኩል ያለው ነጩ ኤኦን ሴንተር የለበሰው ድንጋይ በሙሉ ተነቅሎ ተቀይሯል የሚባለው እውነት ነው? ከተማዋን ከሩቅ በደንብ ለማየትና ፎቶ ለማንሳትስ የት ልቁም፣ በየትኛው ሰዓት? አዲስ አበባ ላይ እንዲህ በፍጥነት እየተገነባ ባለበት ጊዜ ከዚህ የምንወስደው ካለም ጨምሩልኝ።

ጋሽ ፌሮ፦

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው ያየሽው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስለ ጫፎቹ ከማውራታችን በፊት ግን ከአፈሩ እንጀምር፤ ቺካጎን ያለ አፈሯ መረዳት አይቻልም። መሐል ከተማው የተሠራው ለስላሳ ሸክላ አፈር ላይ ነው። ጠንካራው የኖራ ድንጋይ አለት በብዙ ቦታ 30 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚገኘው። ከ1871ዱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ከተማው እንደገና ሲሠራ የመሬት ዋጋ ናረና ባለንብረቱ ፎቅ መደረብ ፈለገ፤ አፈሩ ግን አልችልም አለ።

ይህን በዓይንሽ ለማየት ጃክሰንና ዲርቦርን መንገዶች ወደሚገናኙበት ሂጂና ሞናድኖክ የሚባለውን ሕንፃ እዪ። ሰሜናዊው ግማሽ በ1891 ያለቀ ባለ 16 ፎቅ ነው፤ የውጭውን ክብደት የሚሸከመው ራሱ የጡብ ግድግዳው ነው። ከታች ውፍረቱ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ መስኮቶቹ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገቡ ስታዪ ይገባሻል። ሲነደፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚሰምጥ አስቀድሞ ተሰልቶ ነበር፤ የሰመጠው ግን ከዚያ በላይ ነው። ደቡባዊው ግማሽ በ1893 ሲቀጠል የብረት አጽም ገባበትና ግድግዳው ሳሳ፣ መስኮቱ ሰፋ። ሁለት የግንባታ ዘመን በአንድ ሕንፃ ላይ ጎን ለጎን የሚታይበት እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ የለም፤ የጎብኚ መንጋ ግን አያልፍበትም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ጉዳይ ንፋስ ሆነ። ቁመቱን እጥፍ ብታደርጊው ክብደቱ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ንፋሱ ሕንፃውን ከሥሩ ለማጠፍ የሚያመጣው ኃይል ግን አራት እጥፍ ይደርሳል። በድሮው አሠራር ይህን ለመቋቋም ውስጡን በኮለንና በቢም (በቋሚና በአግዳሚ ተሸካሚ) መሙላት ያስፈልግ ነበር። ዳካ ተወልዶ ቺካጎ የሠራው መሐንዲስ ፋዝሉር ካን መፍትሔውን ወደ ውጭ አወጣው፤ ኮለኖቹን ወደ ዳር አሰባስቦ የሕንፃው ቆዳ ራሱ እንደ አንድ ቱቦ እንዲሠራ አደረገ። በ1969 ያለቀው ባለ 100 ፎቁ ጆን ሃንኮክ (አሁን 875 ኖርዝ ሚሺጋን ይባላል) ፊቱ ላይ ያሉት ትላልቅ የመስቀል ብረቶች ጌጥ አይደሉም። እያንዳንዱ መስቀል 18 ፎቅ ይሸፍናል፤ የንፋሱን ኃይል ከኮለን ወደ ኮለን አሰራጭቶ ወደ መሬት ያወርዳል። ውጤቱን በቁጥር ላስቀምጠው፦ የኒው ዮርኩ ኤምፓየር ስቴት በካሬ ሜትር 206 ኪሎ ያህል ብረት ሲፈጅ ሃንኮክ 145 ኪሎ ገደማ ነው የፈጀው።

ዊሊስ ታወር (በ1973 ሲያልቅ ሲርስ ታወር) የዚህ ሐሳብ ቀጣይ ነው። 23 ሜትር ገደማ ጎን ያላቸው ዘጠኝ ካሬ ቱቦዎች በሦስት ረድፍ ተጣብቀው ይነሳሉ። ዘጠኙም እስከ 50ኛው ፎቅ አብረው ይሄዳሉ፤ እዚያ በሰያፍ የሚተያዩ ሁለት ማዕዘኖች ይቆማሉ። 66ኛው ላይ ሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች፣ 90ኛው ላይ ሦስት ቱቦዎች ይቀራሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው እስከ ጫፉ የሚዘልቁት። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከታች ሰፊ ወለል ለሚፈልግ ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ ከላይ ጠበብ ያለ ለሚበቃው ተከራይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሕንፃው ቅርጽ ከፎቅ ፎቅ ሲለያይ ንፋሱ በአንድ ምት እየገፋ ሊያወዛውዘው አይችልም። በየመካከሉ የምታዪው ጥቁር ቀበቶ የማሽን ፎቅ ነው፤ ውስጡ ቱቦዎቹን አንድ ላይ የሚያስር በሰያፍ የተጋጠመ የብረት መዋቅር አለ።

በቀጭን እግር የቆመው 150 ኖርዝ ሪቨርሳይድ ነው፤ 54 ፎቅ፣ 2017። ለመልክ ሲሉ አላጠበቡትም፤ ቦታው አስገድዷቸው ነው። በአንድ ወገን የባቡር ሐዲድ፣ በሌላው ለወንዙ ዳር መንገድ መተው ያለበት መሬት አለ፤ በመካከል የቀረው ቁራጭ ለመሠረት ጠባብ ነው። ስለዚህ ሕንፃው 12 ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የኮንክሪት እምብርት ላይ ቆሞ እስከ 8ኛው ፎቅ ድረስ ዘመም ባሉ ብረቶች እየሰፋ ይወጣል። ይህን ያህል ቀጭን እግር ንፋስ ላይ ስለሚወዛወዝ ጣሪያው አካባቢ 12 የውሃ ገንዳዎች አሉት። የውሃው ጥልቀት ከሕንፃው የመወዛወዝ ፍጥነት ጋር ተመጥኗል፤ ሕንፃው ወደ ግራ ሲሄድ ውሃው ዘግይቶ ይከተልና ይቃወመዋል። ጥልቀቱ ካልተመጠነ ውሃው ተራ ክብደት ከመሆን አያልፍም።

ዝም ብዬ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ሃንኮክ ሲሠራ በ1966 ከጥልቅ የመሠረት ምሰሶዎቹ አንዱ ጭነት ሲያርፍበት ሰመጠ። ጉድጓዱን ደግፎ የያዘው የብረት ቧንቧ ሲሳብ ገና ያልጠነከረውን ኮንክሪት አብሮ ስቦት ኖሯል፤ በመሐሉ ባዶ ቦታ ተፈጥሮ አፈር ገብቶበታል። ሥራው ለወራት ቆመ፣ ሌሎቹም ምሰሶዎች ተፈተሹ። ሳይቱ ላይ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ቀላል ነው፦ የገባው የኮንክሪት መጠን ከጉድጓዱ ስሌት ካነሰ፣ ወይም ቧንቧው ሲነሳ ከላይ ያለው የኮንክሪት ደረጃ መውረድ ሲገባው ከፍ ካለ፣ ሥራውን ማቆም ነው። አዲስ አበባ ላይ ፓይል (እንዲህ ያለ ጥልቅ የመሠረት ምሰሶ) የምታስቆፍሩ ሁሉ መዝገቡን ከየምሰሶው ጋር ያዙ።

ድንጋይና ልስን፦

የኤኦን ሴንተርን ልመልስ፤ እውነት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። ባለ 83 ፎቁ ሕንፃ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ 43,000 ያህል ጠፍጣፋ የጣሊያን ካራራ እምነበረድ ድንጋዮች ለበሰ። በዚያ ቁመት ላይ እምነበረድ የለበሰ ሌላ ሕንፃ አልነበረም። ችግሩ ውፍረቱ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ሲባል 3 ሴንቲ ሜትር ከምናምን አድርገው ቆረጡት። ገና ግንባታው ሳያልቅ በ1973 የገና ዕለት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወድቆ የጎረቤቱን ሕንፃ ጣሪያ በሳ።

ምክንያቱን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በዝናብ ወይም በሲሚንቶው ያመካኛል። እምነበረድ ካልሳይት የሚባለው ማዕድን ቅንጣቶች ጥርቅም ነው። ካልሳይት ሲሞቅ በአንድ አቅጣጫ ይለጠጣል፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ትንሽ ይኮማተራል። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ቅንጣቶች አቅጣጫቸው የተለያየ ስለሆነ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ መጋጠሚያቸው ይላቀቃል፣ ድንጋዩም ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። የውጭው ፊት ከውስጡ የበለጠ ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሚያይ ጠፍጣፋው ይጎብጣል። ወፍራም ድንጋይ ላይ ይህ ጉዳት ቆዳውን ብቻ ይነካል፤ 3 ሴንቲ ላይ ግን ቆዳውና ሥጋው አንድ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲፈተሽ መጉበጥና መሰንጠቅ ተገኘ፤ መጀመሪያ በማይዝግ ብረት ማሰሪያ ያዙት፣ ከዚያ ከ1990 እስከ 1992 ሁሉንም አንስተው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የሰሜን ካሮላይና ነጭ ግራናይት ተኩት። ወጪው ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የሄልሲንኪው ፊንላንዲያ አዳራሽም በዚሁ እምነበረድ በዚሁ በሽታ ተመታ፤ እዚያ መልሰው ካራራ አለበሱትና እንደገና ጎበጠ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የቤኒሻንጉል እምነበረድ ቆንጆ ነው፤ ለወለልና ለውስጥ ግድግዳ ተጠቀሙበት። ለውጭ ግድግዳ የሚፈልግ ግን ድንጋዩ በሙቀትና ቅዝቃዜ ተደጋግሞ ከተፈተነ በኋላ የመታጠፍ ጥንካሬው ምን ያህል እንደቀረ የላቦራቶሪ ወረቀት ይጠይቅ። ከሁለት ሦስት ሜትር ከፍታ በላይ በሲሚንቶ ብቻ የተለጠፈ ድንጋይ አትመኑ፤ ግድግዳው ላይ በተተከለ የማይዝግ ብረት ማያዣ መቆም አለበት፣ በድንጋዮቹ መካከልም ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላ። ክፍተት ሳይተዉ ገጥመው የደረደሩት ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ዳሩ ይፈረፈራል። የተለጠፈውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላችሁ ስታንኳኩ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ከጀርባው ለቋል ማለት ነው፤ ሳይወድቅ አውርዱት።

ጎህ ቀዳጅ፦

ስለ ማያው ቦታ እኔ ልናገር።

ከሁሉ የሚበልጠው አድለር ፕላኔታሪየም ያለበት የሐይቁ ልሳነ ምድር ነው። ከተማዋ በሙሉ ከምዕራብ በኩል ተዘርግታ ትታያለች። ፎቶው ላይ የሕንፃዎቹን ቀለምና ዝርዝር ከፈለግሽ ፀሐይ እንደወጣች ሂጂ፤ ብርሃኑ ከኋላሽ መጥቶ ፊታቸውን ይመታል። ከሰዓት በኋላ ከሄድሽ ፀሐይ ከነሱ ጀርባ ስለምትወርድ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናሉ፤ እሱን ካልፈለግሽ እስክትጠልቅ ጠብቂና ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ሠላሳ ደቂቃዎች አንሺ፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሆኖ የመስኮት መብራቶች በርተዋል። ሙሉ ጨለማ ከሆነ በኋላ የሕንፃው ጠርዝ ከሰማዩ አይለይም።

ከሰሜን በኩል ኖርዝ አቬኑ ባሕር ዳርቻ ጥሩ ነው፤ ሃንኮክ ከፊት ይገዝፋል። ከዚያ ርቆ ሞንትሮዝ ወደብ አለ፤ ረጅም ሌንስ ላለው ሰው ሕንፃዎቹን ያቀራርባቸዋል፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቀን ግን ምስሉ ይደበዝዛል፣ የቀዝቃዛ አየር ማግሥት ምረጪ።

ወንዙ ላይ ግራ ቀኙ በሕንፃ እንደ ገደል ስለታጠረ ጠዋትና ማታ አንዱ ዳር ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ይሻላል። ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሆነው 333 ዋከር ድራይቭ ብቻ ነው፤ ያ የወንዙን መታጠፊያ ተከትሎ የሚጎብጠው የ1983 አረንጓዴ መስታወት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነው የሚያምረው።

ከፍታ ላይ ለመውጣት ከዊሊስ 103ኛ ፎቅና ከሃንኮክ 94ኛ ፎቅ አንዱን ከመረጥሽ ሃንኮክን እመክራለሁ፤ ከዊሊስ ላይ ዊሊስን ማየት አይቻልም። ከሃንኮክ ግን ወደ ደቡብ ስታዪ መሐል ከተማው በሙሉ ከነዊሊስ ፊትሽ ነው። ትኬት ከመግዛትሽ በፊት ቀና ብለሽ ጫፉን እዪ፤ ደመና ከዋጠው ላይ ወጥተሽ የምታዪው ነጭ ብቻ ነው። በጸደይ ሐይቁ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የሞቀ አየር ሲመጣበት ጭጋጉ ከሐይቁ በድንገት ይገባል። መስታወቱ ላይ ነጸብራቅ እንዳይመጣ ሌንሱን አስጠግተሽ ግጠሚው፣ ጥቁር ልብስ ልበሺ። በክረምት ካሜራውን ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገቢ ውጭ ሳለሽ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጊው፤ ሌንሱ ሳይሆን ከረጢቱ ነው ላብ የሚይዘው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ደግሞ ቡናማው መስመር ባቡር አለ፤ በብረት ድልድዩ ላይ መሐል ከተማውን በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መስኮቶች ከፍታ ይዞርሻል። ዋከር ድራይቭ ላይ በስልክ ካርታ የምትሄጂ ከሆነ ተጠንቀቂ፤ መንገዱ ድርብ ስለሆነ ስልኩ ከላይ ነሽ ከታች መለየት ያቅተዋል።

የጉለሌዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ፌሮ፣ ሁላችሁንም። ነገ በጠዋት አድለር ነኝ። ሦስት ነገር ልጨምር፦ ሌክ ሾር ድራይቭ 860 እና 880 ላይ ፊታቸው ላይ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩት ጥቁር ብረቶች ክብደት ይሸከማሉ? ባለ ወጣ ገባ በረንዳው አኳ ለንፋስ ሲባል ነው እንዲህ የሆነው? ሴንት ሬጂስ ላይስ ወደ ጫፉ አካባቢ አንድ ፎቅ ባዶ ሆኖ አየሁ ልበል?

ሰባት ቁጥር፦

አይተሻል። ሴንት ሬጂስ ላይ 83ኛው ፎቅ አካባቢ ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ፣ ንፋስ የሚያልፍበት ወለል ነው። 101 ፎቅ ያለው ቀጭን ሕንፃ ስለሆነ ንፋሱ በጎኖቹ ዞሮ ከጀርባው ሲገናኝ አዙሪት ይፈጥራል፤ መሐሉን ሲከፍቱለት አዙሪቱ ይሰበራል።

860 እና 880 የአርክቴክቱ የሚስ ቫን ደር ሮኸ ሕንፃዎች (1951) ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ያሉት ብረቶች አይሸከሙም። የተሸካሚው ብረት ኮለን ውስጥ ነው፤ የእሳት ደንቡ በኮንክሪት እንዲሸፈን ስላስገደደ ከዓይን ተሰወረ። ሚስ ደግሞ አጽሙ እንዲታይ ይፈልግ ነበርና ከውጭ አይ-ቅርጽ ብረት አበየደበት። የመስታወቱን ክፈፍ ማጠንከሩም አልቀረም፤ ኮለኖቹ ላይ ያሉት ግን ለመልክ ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማታለል ያየዋል። እኔ አልስማማም፤ ከጎን ሆነሽ ስታዪው ግድግዳው ጥቁርና ጥብቅ ይሆናል፣ ፊት ለፊት ስትቆሚ መስታወት ብቻ ነው፤ ያንን ለውጥ የሚሰጡት እነዚያ ብረቶች ናቸው።

አኳ (2009፣ 82 ፎቅ፣ የጂኒ ጋንግ ሥራ) ላይ የኮንክሪቱ ወለል ራሱ ነው እስከ 3.7 ሜትር ድረስ ወደ ውጭ የሚወጣው። መጠኑ ከፎቅ ፎቅ ስለሚለያይ ንፋሱን ይበታትነዋል፤ በዚህ ምክንያት የመወዛወዝ ማስታገሻ አላስፈለገውም። መስመሩም በዘፈቀደ አይደለም፤ ከጎረቤት ሕንፃዎች መካከል ሐይቁ ወይም መናፈሻው ወደሚታይበት አቅጣጫ ወለሉ ይረዝማል። ጉድለቱን ግን መናገር አለብኝ። የሞቀው የውስጥ ወለልና በረዶ ላይ ያለው በረንዳ አንድ ወጥ ኮንክሪት ስለሆኑ ሙቀቱ በየፎቁ ወደ ውጭ ይፈሳል። በብርድ አገር እንዲህ ሲሠራ በውስጥና በውጭ ወለል መካከል ሙቀት የማያስተላልፍ ቁራጭ ይገባል፤ በዚያ የሚያልፈው ፌሮም የማይዝግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ያን ያህል ስላልሆነ የበረንዳ ጠላት ውሃ ነው፦ በሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተዳፋት፣ ከበረንዳው ጠርዝ ሥር ደግሞ ውሃው ወደ ግድግዳ እንዳይመለስ አንድ ሴንቲ ከምናምን ጥልቀት ያለው ቦይ።

አንዱ ሌላውን አይገፋም ላልሽው ደግሞ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ ታስቦበት ነው። ትራምፕ ታወር በሦስት ደረጃ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ከሪግሊ ሕንፃ፣ ሁለተኛው አንቺ ካየሻቸው የበቆሎ እሸቶች ማለትም ከማሪና ሲቲ፣ ሦስተኛው ከጎኑ ካለው የሚስ ጥቁር ሕንፃ ከፍታ ጋር የተመጠነ ነው። በ1960ዎቹ የተሠራው ማሪና ሲቲም ከታች 19 ፎቅ ጠመዝማዛ የመኪና ማቆሚያ መሆኑን ልብ በዪ፤ መኖሪያው ከዚያ በላይ ነው የሚጀምረው።

ጋሽ ፌሮ፦

ሰባት ቁጥር ጥሩ ጽፏል። ለአዲስ አበባ ስላልሽው ልጨምር፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቺካጎ መሐንዲስ ሌሊት የሚያስበው ስለ ንፋስ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ አያስጨንቀውም። እኛ ግን ስምጥ ሸለቆው ዳር ነን። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው አንቀጥቅጧል። ስለዚህ ቀጭን እግር፣ ክፍት ፎቅ፣ ወጣ ያለ ወለል በፎቶ አይቶ እንዲሁ መቅዳት አደጋ ነው። ንፋስ የሚገፋው ከውጭ ነው፤ መንቀጥቀጥ ግን ሕንፃውን በራሱ ክብደት ይመታዋል፣ የሚፈልገውም ደካማውን ፎቅ ነው።

የእኛ ደካማ ፎቅ የታወቀ ነው፦ ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲባል ከፍ ብሎ በኮለን ብቻ ይቆማል፣ ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ግድግዳ ተሞልተው ይጠነክራሉ። ሲንቀጠቀጥ ላይኛው ክፍል እንደ አንድ ሳጥን ይንቀሳቀስና መታጠፉ ሁሉ ምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ የአሳንሰርና የደረጃ ቤቱን አርማታ ግድግዳ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሳይቋረጥ ማውጣት፣ በአንድ ጥግ ሳይሆን ወደ መሐል ማስቀመጥ ነው፤ ጥግ ላይ ከሆነ ሕንፃው ይጠማዘዛል። ኮለን ላይ የስታፋው (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው የብረት ቀለበት) ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ከቀረ ኮንክሪቱ ሲፈነዳ ይከፈታል፤ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ እምብርት መግባት አለበት። ከቢም ጋር በሚገናኝበት ላይና ታች ስታፋው ይቀራረብ፤ ብዙ ቦታ የማየው ከላይ እስከ ታች እኩል የተራራቀ ነው። ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ከመዘጋቱ በፊት ይህን ፎቶ አንስቶ መያዝ ለባለቤቱ ምንም አያስወጣውም።

ጎህ ቀዳጅ፦

አንድ የረሳሁት፣ እህቴ፤ በወፎች ፍልሰት ወቅት፣ በጸደይና በመጸው፣ ብዙ ሕንፃዎች የጌጥ መብራታቸውን እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ያጠፋሉ። ወፎቹ በሐይቁ ዳር ሲያልፉ ብርሃኑ ይስባቸውና መስታወት ይመታሉ፤ በጥቅምት 2023 በማኮርሚክ ፕሌስ አዳራሽ በአንድ ሌሊት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሞተዋል። በቀጣዩ ዓመት መስታወቱ ላይ ወፍ የሚለየው ነጠብጣብ ያለበት ሽፋን ተለጠፈ። ስለዚህ የሌሊት ፎቶሽን በጊዜ ጨርሺ። መጋቢት 20 ወይም መስከረም 22 (በፈረንጅ) አካባቢ ከሆንሽ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሚሄዱት መንገዶች በአንዱ ላይ ቁሚ፤ ፀሐይ በሕንፃዎቹ መካከል በመንገዱ ልክ ትወርዳለች። የእግረኛ ማቋረጫ መብራት ሲፈቅድ ብቻ ግቢ፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ሰው መሐል መንገድ ላይ ነው የሚቆመው፣ ሾፌሩም ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ናት።